ስለ እርማትና ስለ ተማሪዎች ኀላፊነት

ኀላፊነት በምክር ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም። ሰው የሚሠራው ሥራ በምን ሚዛን እንደሚመዘን አስቀድሞ ካላወቀ፥ ጕድለቱን የሚያሳየው ካላገኘ፥ ጕድለቱ ከታወቀም በኋላ የሚያርምበት ጊዜ ካልተሰጠው፥ ስለ ሥራህ ተጠያቂ ነህ ቢሉት ቃሉ ከጆሮው አልፎ ወደ ልቡ አይገባም። ስለዚህ በከፍተኛ ትምህርት ቤት ያለ ወጣት ለትምህርቱ ራሱ ኀላፊ እንዲኾን የሚፈልግ አገር፥ ከኹሉ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ነገር ተማሪው የሚፈተንበትና የሚታረምበት መንገድ ነው።

ይህ ጕዳይ ዛሬ በከፋ ዞን፥ በቦንጋ ከተማ፥ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ኾኖአል። ቦንጋ ከጅማ ወደ ደቡብ ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደንና በኮረብታ መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። የከፋ ምድር ቡና በደን ውስጥ ራሱ በቅሎ የሚገኝበት፥ ማርና ኮረሪማ የሚሰበሰብበት አገር መኾኑ የታወቀ ስለ ኾነ፥ ደኑ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ኾኖ ተመዝግቦአል። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በተቋቋመ ጊዜም ቦንጋ ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ኾነች። በከተማይቱ ከቈየው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በላይ፥ የአራተኛው ትውልድ ከሚባሉት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የኾነው ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ተማሪ ተቀብሎ ያስተምራል። ወደዚያ የሚመጡትም የከፋ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ መንግሥት ከየክልሉ የሚመድባቸው ወጣቶች ወላጆቻቸውን ትተው፥ ለብዙዎቹ ባልለመዱት የዝናብ አገር፥ ራሳቸውን ችለው መኖርንና መማርን በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ። እንግዲህ ኀላፊነት ለነዚህ ወጣቶች የመጽሐፍ ቃል ብቻ ሳይኾን የየዕለቱ ኑሮ ነው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመቀበል የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ የኾነው በ2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ እንዲህ ያለውን ፈተና የሕግ ተማሪዎች ይፈተኑ ነበር፤ በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. ግን በየትምህርት ክፍሉ ያሉ ተመራቂዎች ኹሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒዩተር ተፈተኑ። ከመቶ 50 ያላገኘ ዲግሪውን እንዳይቀበል፥ ነገር ግን እንደ ገና እንዲፈተን ተፈቀደ። በዚያ ጊዜ ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች መካከል ያለፉት 61,054 ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ 41 ያህል ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 77,981 ተፈትነው 48,632 አለፉ፤ ከግል ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ደግሞ 72,203 ተፈትነው ያለፉት 12,422 ብቻ ኾኑ።

ይህን ቍጥር ሰምቶ ተማሪውን ሰነፍ፥ መምህሩን ቸልተኛ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ቍጥሩ ከዚህ የሚበልጥ ምስጢር ይዞአል። ለመውጫ ፈተና የሚቀርብ ተማሪ ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት፥ ወይም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ፥ በየትምህርቱ ተፈትኖ፥ በየወቅቱ ማርክ ተሰጥቶት ያለፈ ነው። በነዚያ ዓመታት ኹሉ የተቀበለው ወረቀት ደኅና ነህ፥ ቀጥል ይለው ነበር። በመጨረሻው ቀን ግን ሌላ ሚዛን መጥቶ አልበቃህም አለው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ 29,349 ወጣቶች ይህን ቃል ሰሙ። ከኹለቱ ሚዛኖች አንዱ ወይም ኹለቱም ጕድለት ሊኖርባቸው ይችላል፤ ፈተናው አዲስ ስለ ነበረም አንዳንዱ በድንጋጤ ወድቆ ይኾናል። ይሁን እንጂ የማይካደው ነገር ይህ ነው፤ ብዙ ተማሪ የገዛ ዕውቀቱ ምን ያህል እንደ ኾነ ሳያውቅ እስከ መጨረሻው ደጅ ደርሶአል። ራሱን የማያውቅ ሰው ደግሞ ራሱን ሊያርም አይችልም።

ነገሩ ከዩኒቨርሲቲ ደጅ ወዲህም ይጀምራል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2008 ዓ.ም. አስቀድሞ ወጥቶ ስለ ተበተነ ተሰርዞ እንደ ገና መሰጠቱ፥ ከዚያም በኋላ መኰራረጅ እየበዛ መኼዱ ይታወሳል። ስለዚህ ከ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ውስጥ እንዲሰጥ ተደረገ። በዚያም ጊዜ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ። መሻሻል አለ፤ ነገር ግን በጥቂቱ ነው። የወደቁትም ከፊሎቹ በአቅም ማሻሻያ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ ተደርጎአል። እንግዲህ በቦንጋም ኾነ በሌላው ዩኒቨርሲቲ መምህር ፊት የሚቀመጠው ተማሪ፥ ከልጅነቱ ጀምሮ ፈተናን የሚያመልጡት ወጥመድ አድርጎ ማየት የለመደ ሊኾን ይችላል። ፈተናን ራሱን የሚያይበት መስተዋት አድርጎ እንዲቀበለው ማድረግ የዩኒቨርሲቲው ሥራ ነው።

መንግሥት ይህን ሳያስብ ቀርቶ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ገደማ ለከፍተኛ ትምህርት መምህራን የማስተማር ሥነ ዘዴ ሥልጠና ተጀምሮ፥ ተማሪው በመጨረሻ ፈተና ብቻ ሳይኾን በተከታታይ ምዘና እንዲመዘን ትምህርት ሲሰጥበት ቈይቶአል። ሐሳቡ መልካም ነበር። ምዘናው ተከታታይ የተባለበት ምክንያት ተማሪው በየጊዜው ስሕተቱን እያየ እንዲያርም ነበር። በሥራ ላይ ሲውል ግን በብዙ ቦታ አንዱ ትልቅ ፈተና ወደ አምስትና ስድስት ትንንሽ ፈተናዎች ተከፋፈለ እንጂ እርማቱ አልተጨመረም። ተማሪው አምስት ከአሥር፥ ሰባት ከአሥር የሚል ቍጥር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያያል፤ ስለ ምን አምስት እንደ ኾነ፥ ስድስት ለማድረግ ምን ማድረግ እንደሚገባው ግን አይነገረውም። ወረቀቱ የሚመለሰውም ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ነው። ጅብ ከኼደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፥ ጊዜው ያለፈበት እርማት ለማንም አይጠቅም።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ግን ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀኑን በዛፍ ጥላ ወይም በዋሻ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል። መሸት ሲል በመምህሩ ፊት ቀርቦ፥ ጓደኞቹ እየሰሙት፥ የቈጠረውን ይናገራል። መምህሩም ቤቱ ጐድሎ፥ ምስጢሩ ተሰውሮ፥ አገባቡ ተበላሽቶ ቢያገኘው እዚያው ያርመዋል፤ ተማሪውም የታረመውን ይዞ በማግሥቱ የተሻለውን ያመጣል። ከመምህሩ በፊትም አስቀድመው የተማሩት አስነጋሪዎች ታናናሾቻቸውን ያቃናሉ። በዚህ ትምህርት ቤት በቍጥር የሚሰጥ ማርክ የለም፤ እርማት ግን በየዕለቱ አለ። ደቀ መዝሙሩ የሰው ቅኔ ይዞ ቢቀርብ መምህሩ የልጁን አካኼድ ስለሚያውቅ ወዲያው ይነቃበታል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ተረትም ዲግሪ ከዕውቀት በፊት ሊፈለግ እንደማይገባ ሲያስተምር ኖሮአል።

የከፋ ገበሬም በራሱ ሥራ ይህን ይመሰክራል። ገበሬው ጀንፈሉን ለገበያ ሲያቀርብ ቡናህ ዝቅተኛ ደረጃ ነው ተብሎ ቢመለስ፥ ከዚህ ቃል የሚያገኘው ኀዘን ብቻ ነው። ቡና ቀማሹ ግን አረንጓዴውን ከቀዩ እሸት ጋራ ቀላቅለህ ለቅመሃል፥ በመሬት ላይ ስላደረቅኸው የአፈር ጣዕም ገብቶበታል፥ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ አድርቀው ብሎ ቢነግረው፥ ገበሬው በሚመጣው ዓመት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። እንዲያውም ወደ ገበያ ከመውጣቱ አስቀድሞ በገዛ ዓይኑና በገዛ አፍንጫው ቡናውን ይለያል። ደረጃ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ደረጃን ለማሻሻል ማስተማር ሌላ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪው ኹለቱንም ሊሰጠው ይገባል።

በውጭ አገር ያሉ የትምህርት ሊቃውንት በምርመራ የደረሱበትም ከዚህ የራቀ አይደለም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1988 ሩት በትለር የተባሉት ተመራማሪ በእስራኤል አገር በትምህርት ቤት ልጆች ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ ያለ ማርክ የጽሑፍ አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ልጆች ሥራቸውን ሲያሻሽሉ፥ ማርክና አስተያየት አንድ ላይ የተሰጣቸው ግን እንደዚያ አልተጠቀሙም። ልጁ ማርኩን ካየ በኋላ አስተያየቱን ሳያስተውል ያልፈዋልና። በ1989 የአውስትራሊያው ሮይስ ሳድለር፥ ተማሪ እንዲሻሻል ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ብለው ጻፉ፤ ይኸውም መልካም ሥራ ምን እንደሚመስል ማወቅ፥ የራሱን ሥራ ከዚያ ጋራ ማስተያየት፥ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለማጥፋት አንድ ነገር ማድረግ ነው። በ2006ም ዴቪድ ኒኮልና ዴብራ ማክፋርሌን ዲክ የመልካም እርማት ዓላማ ተማሪው ራሱን በራሱ እንዲመራ ማድረግ መኾኑን አስረድተዋል። የቅኔው መምህርና እነዚህ ሊቃውንት ሳይተዋወቁ በአንድ ሐሳብ ተገናኝተዋል።

ከዚህ ተነሥቶ በቦንጋና በመሰሎቿ ዩኒቨርሲቲዎች ሊሠራ የሚቻለው ነገር በግልጥ ይታያል። ከኹሉ አስቀድሞ ተማሪው ትምህርቱ በሚጀመርበት ቀን የመመዘኛውን ሥርዐት ሊቀበል ይገባዋል። መልካም የሚባለው ጽሑፍ፥ መካከለኛው፥ ደካማው ምን እንደሚመስል በምሳሌ ቢያይ፥ ደካማውንም ስለ ምን ደካማ እንደ ኾነ ከጓደኞቹ ጋራ ቢከራከርበት፥ ሚዛኑ የመምህሩ ምስጢር መኾኑ ቀርቶ የራሱ ገንዘብ ይኾናል።

ቀጥሎም የመጀመሪያው የቤት ሥራ ትምህርቱ በተጀመረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተሰጥቶ፥ ማርክ ሳይጻፍበት በአስተያየት ብቻ ቢመለስ፥ ተማሪውም አርሞ እንደ ገና ሲያቀርበው ያን ጊዜ ማርክ ቢሰጠው፥ እርማት ፍሬ ያፈራል። ሥራውን ሲያስረክብም ከላዩ በጥቂት መስመር የጻፈው ነገር ይኑር፤ የትኛው ክፍል እንደ ተሳካለት፥ የትኛው እንዳልተሳካለት፥ መምህሩ ምን እንዲመለከትለት እንደሚፈልግ ያመልክት። በራሱ ላይ መጀመሪያ የፈረደ ተማሪ የመምህሩን ፍርድ በቍጣ ሳይኾን በማስተዋል ይሰማል።

ሦስተኛው ነገር የኅብረት ሥራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አንድ ለአምስት እየኾኑ እንዲማሩ ታዝዞ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፥ ሐሳቡ መረዳዳት ነበር። ነገር ግን የኅብረቱ ማርክ ለኹሉም እኩል ሲሰጥ፥ በብዙ ቦታ አንዱ ትጉህ ሃምሳውን ሎሚ ተሸክሞ ሌሎቹ ስማቸውን ብቻ ሲያስጽፉ ታይቶአል። ይህ ኀላፊነትን አያስተምርም፤ መሸሸግን ያስተምራል እንጂ። ስለዚህ እያንዳንዱ የሠራው ክፍል ተለይቶ ይታወቅ፤ መምህሩም ከአምስቱ አንዱን በድንገት አስነሥቶ የጓደኛህን ክፍል አስረዳ ይበለው፤ ጓደኞቹም እርስ በርሳቸው በጽሑፍ ይተራረሙ።

አራተኛውና ለከፋ ከኹሉ የሚስማማው፥ ምዘናው ከአገሩ ሥራ ጋራ እንዲተሳሰር ማድረግ ነው። በዚህ ረገድ ምሳሌው ቅርብ ነው። በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የኾነው የጅማ ትምህርት ቤት፥ ከዚያ በፊት የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በነበረበት ጊዜ የጀመረውን ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት ይዞ ቈይቶአል። ተማሪዎቹ በኅብረት ወደ ሕዝቡ መካከል ወጥተው፥ ችግሩን መርምረው፥ ዕቅድ አውጥተው፥ በሚመጣው ጊዜም ተመልሰው በዕቅዳቸው መሠረት ይሠራሉ፤ በዚህም ይመዘናሉ። ከዚያም አስቀድሞ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደርጎ፥ ብዙዎቹ በየአውራጃው ትምህርት ቤት አስተምረዋል። በሕዝብ ፊት የሠራ ወጣት ስሕተቱ በወረቀት ላይ ብቻ እንደማይቀር ይረዳል።

በቦንጋም የእርሻ ተማሪ የአንድ ቀበሌ ገበሬዎችን የቡና አደራረቅ መርምሮ የደረሰበትን በገበሬዎቹ ፊት ቢያስረዳ፥ የደን ተማሪ ሕዝቡ በኅብረት ከሚጠብቀው ደን አንዱን ክፍል በየዓመቱ እየቈጠረ ለሚቀጥለው ተማሪ መዝገቡን ቢያስረክብ፥ የጤና ተማሪ ስለ ንጹሕ ውሃ ያዘጋጀውን ትምህርት በካፊኖኖ ቋንቋ የሚያስተረጕምለት ጓደኛ ይዞ ቢያስተምር፥ ገበሬውና እናቲቱ የሚሰጡት መልስ ከማናቸውም ቀይ እስክሪብቶ የበለጠ እርማት ይኾናል። ያልገባቸው እንደ ኾነ ፊታቸው ይናገራልና። የሚቀጥለውም ተማሪ በተበላሸ መዝገብ ላይ ሥራ መጀመር እንደሚቸገር ያወቀ ወጣት፥ መምህሩ ባያየውም ቍጥሩን አያዛባም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ መልስም ይገባቸዋል። የመጀመሪያው፥ በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ስላለ መምህሩ የእያንዳንዱን ጽሑፍ አንብቦ አስተያየት ሊጽፍ አይችልም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መምህሩ ኹሉን ጽሑፍ ማረም አያስፈልገውም። ሃያውን በጥንቃቄ አንብቦ በብዙዎቹ ላይ የተደጋገሙትን ሦስት ወይም አራት ስሕተቶች በክፍሉ ፊት ቢያስረዳ፥ ተማሪዎቹም በተሰጣቸው ሥርዐት የየራሳቸውንና የጓደኞቻቸውን ሥራ ቢመረምሩ፥ የመምህሩ ድካም ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በአንድ ወቅት ስድስት ትንንሽ ፈተና ሰጥቶ ማርክ ከመልቀም፥ ኹለት ሥራ ሰጥቶ በሚገባ ማረም ይሻላል።

ኹለተኛው፥ ዛሬ ተማሪው የቤት ሥራውን ከሰው ወይም አስመስሎ ከሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ገልብጦ ስለሚያመጣ፥ ከፈተና ክፍል ውጭ የተሠራ ሥራ አይታመንም የሚል ነው። ይህም ስጋት ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ መድኀኒቱ ኹሉን ወደ ፈተና ክፍል መመለስ አይደለም። ረቂቁን፥ እርማቱን፥ የታረመውን በተከታታይ እንዲያቀርብ የተጠየቀ፥ በመጨረሻም እንደ ቅኔ ቤት ልጅ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ በቃሉ እንዲያስረዳ የሚደረግ ተማሪ፥ የሰው ሥራ ይዞ ሩቅ አይኼድም። የሚሸሸግበት ቦታ የሚገኘው ጽሑፉ አንድ ጊዜ ብቻ ተረክቦ አንድ ቍጥር ብቻ በሚሰጥበት ሥርዐት ውስጥ ነው።

ሦስተኛውና የከበደው ተቃውሞ የመውጫ ፈተናውን የሚመለከት ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ባሳለፉት ተማሪ ብዛት ሲነጻጸሩ፥ መምህራን የመጨረሻውን ዓመት ምርጫ ባላቸው ጥያቄዎች ልምምድ ብቻ ለመፈጸም ይገፋፋሉ፤ ተማሪውም የቀድሞ ጥያቄዎችን እየሰበሰበ መሸምደድን ኀላፊነት ይመስለዋል። ፈተናው አስፈላጊ ነው፤ ሕዝቡ የሚያክመው ሐኪምና የሚያስተምረው መምህር በእርግጥ የተማረ መኾኑን ማወቅ መብቱ ነውና። ነገር ግን ፈተናው በር ጠባቂ እንጂ መምህር አይደለም። የወደቀ ተማሪ መውደቁን ብቻ ሳይኾን በየትኛው የትምህርት ክፍል እንደ ደከመ በዝርዝር ሊነገረው ይገባል፤ ትምህርት ክፍሉም ይህን ዝርዝር ተቀብሎ በሚመጣው ዓመት የትኛውን ትምህርት እንደሚያጠነክር ቢመክርበት፥ ፈተናው ለተማሪውም ለመምህሩም እርማት ይኾናል። የመጨረሻው ሚዛን የሚናገረውን ቃል የመጀመሪያው ዓመት ሚዛን አስቀድሞ ሊናገረው ይገባል።

ኀላፊነት የተማሪው ብቻ ሸክም ተደርጎ እንዳይታሰብም ያስፈልጋል። ተማሪው ያልተነገረውን ሚዛን ሊያውቅ፥ ያልተመለሰለትን ወረቀት ሊያርም አይችልም። መምህሩም ጊዜ ካልተሰጠው፥ ማረሙም እንደ ማስተማር ሥራ ካልተቈጠረለት፥ በጎ ፈቃዱ ብቻ አያደርሰውም። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር የመምህሩን የሥራ ሰዓት ሲቈጥር እርማትን ጨምሮ ይቍጠር፤ የትምህርት ሚኒስቴርም ዩኒቨርሲቲዎችን ሲመረምር ስንት ፈተና እንደ ተሰጠ ብቻ ሳይኾን ስንት ሥራ ታርሞ በጊዜው እንደ ተመለሰና ተማሪው ከእርማቱ በኋላ ምን እንዳሻሻለ ይጠይቅ። ይህ ኹሉ ሲደረግለት የሚሰንፍ ተማሪ ግን ያን ጊዜ የሚያመካኝበት ነገር አይኖረውም፤ ተጠያቂነቱም በእውነት የራሱ ይኾናል።

ከቦንጋ የሚወጣው ወጣት ነገ በጤና ጣቢያ፥ በትምህርት ቤት፥ በእርሻ ጽሕፈት ቤት ወይም በደን ጥበቃ ብቻውን ሲቆም፥ ከኋላው ቆሞ የሚያርመው መምህር አይኖርም። የመድኀኒቱን መጠን የሚጽፈው፥ የሚቈረጠውን ዛፍ የሚለየው፥ የገበሬውን ጥያቄ የሚመልሰው በገዛ ፍርዱ ነው። ያ ፍርድ በዩኒቨርሲቲ ሳለ በየሥራው ካልተለማመደ በሌላ ቦታ በድንገት አይገኝም፤ የስሕተቱንም ዋጋ የሚከፍለው ተማሪው ሳይኾን ሕዝቡ ይኾናል። እንግዲህ ለከፋም ለመላው ኢትዮጵያም የሚበጀው፥ ማርክ ብቻ ተቀብሎ የሚወጣ ሳይኾን ራሱን መዝኖ፥ ራሱን አርሞ የሚወጣ ምሩቅ ማፍራት ነው።